ሰፊ ስኪ ለጠጣር በረዶ፤ ገንዘባችሁን ከማውጣታችሁ በፊት

ይህ ጽሑፍ ዲሲ፣ ሜሪላንድ ወይም ቨርጂኒያ እየኖራችሁ ስኪ ለጀመራችሁ፣ ኪራዩ ሰልችቷችሁ የራሳችሁን ለመግዛት ለተነሳችሁ ነው። ማስታወቂያው ሁሉ የሚያሳያችሁ ሰፋፊውን ስኪ ነው። ሰውየው እስከ ጉልበቱ ዱቄት በረዶ ውስጥ ገብቶ ይንሳፈፋል። እናንተ ግን የምትሄዱት ፔንሲልቬንያ፣ ዋይትቴይል ወይም ሊበርቲ ነው። እዚያ ጉልበት የሚደርስ በረዶ የሚታየው አብዛኛውን ጊዜ ስልክ ላይ ነው።

የኛ አካባቢ በረዶ ጸባዩ ሌላ ነው። አብዛኛው በማሽን የሚረጭ ነው፤ የማሽን በረዶ ደግሞ ከሰማይ ከሚወርደው ይልቅ የታመቀ ነው። ቀን ሙቀቱ ከዜሮ በላይ ይወጣና ላዩ ይቀልጣል፣ አንዳንዴም ዝናብ ይጨመርበታል፣ ማታ መልሶ ይረጋል። ሌሊት ማስተካከያ ማሽኑ ያልፍበትና ላዩን ይፈቀፍቀዋል፣ ስለዚህ የጠዋቱ መጀመሪያ ደህና ነው። ከዚያ ሕዝቡ ያንን ስስ ሽፋን እየገፋ ዳር ዳሩን ይቆልለዋል፤ መሀሉ ላይ የሚቀረው ግራጫ፣ የሚያብረቀርቅ ነገር ብቻ ነው። የምንመርጠው እሱ ላይ የሚቆም ስኪ ነው።

አቋሜን ከአሁኑ ልንገራችሁ። ጠጣር በረዶ ላይ የሚይዛችሁ የስኪው የብረት ጠርዝ ስለትና የስኪው ግትርነት ነው፣ ስፋት ምንም አይረዳችሁም፣ እንዲያውም ያስቸግራችኋል። ሰፊ ስኪ የግድ ካስፈለጋችሁ ከሰፊዎቹ ውስጥ ጠበብ ያለውን ግዙ፣ የተረፈውን ብር ጠርዙን ለመሳል አውሉት።

1. የት የት እንደምትውሉ ቁጠሩ

ሱቅ ከመግባታችሁ በፊት ቁጭ ብላችሁ ባለፈው ክረምት የት የት እንደሄዳችሁ አስቡ። የተመኛችሁትን ሳይሆን የሄዳችሁበትን። ሁሉም ቀን ፔንሲልቬንያና ሜሪላንድ ከሆነ ሰፊ ስኪ አትግዙ፤ ወገቡ (የመሀሉ ስፋት) ከ75 እስከ 85 ሚሊሜትር የሆነውን ገዝታችሁ በደስታ ኑሩ። ዋይትቴይል ከላይ እስከ ታች 285 ሜትር ብቻ ነው፣ የምትወርዱትም በተስተካከለ መንገድ ላይ ነው።

ነገሩ የሚወሳሰበው ሁለት ዓይነት ቦታ ለምትሄዱ ነው። ዋይትቴይል፣ ሊበርቲና ራውንድቶፕ የቬይል ኩባንያ ስለሆኑ ኤፒክ ፓስ የሚባለው ያው የወቅት ትኬታቸው ኮሎራዶ ላይም ይሠራል። ኦሮራ ወይም ዴንቨር ዘመድ ያለው ሰው ደግሞ ማደሪያ አያጣም፣ እናም በዓመት አንዴ ብሬክንሪጅ ወይም ኪስቶን ብቅ ይላል። ወደ ዌስት ቨርጂኒያ ስኖውሹ የምትሄዱም አላችሁ፤ ጫፉ 1,478 ሜትር ላይ ስለሆነ እውነተኛ በረዶ ይወርድበታል፣ በማግስቱ ግን ከፕ ረን የሚባለው ረጅሙ ቁልቁለት ጠጥሮ ልታገኙት ትችላላችሁ። አንድ ጥንድ ስኪ ለሁሉም የሚያስፈልገው ሰው ይሄ ነው።

ለእናንተም ቢሆን አንድ ሌላ መንገድ አለ። እዚህ ለሚያጋጥማችሁ ጠበብ ያለውን ገዝታችሁ፣ ኮሎራዶ ስትሄዱ ሰፊውን እዚያው ተከራዩ። አውሮፕላን ላይ ስኪ ከመጎተትም ትገላገላላችሁ። ይህ ካልተዋጠላችሁ ቀጥሉ።

2. የወገቡን ቁጥር አንብቡ

ስኪው ላይ ሦስት ቁጥሮች ተጽፈዋል፣ ለምሳሌ 134-96-117። የመጀመሪያው የአፍንጫው፣ መሀለኛው የወገቡ፣ መጨረሻው የጅራቱ ስፋት ነው፣ ሁሉም በሚሊሜትር። ሰፊ፣ ጠባብ ሲባል የሚወራው ስለ ወገቡ ነው። ከ80 በታች ጠባብ ነው። ከ80 እስከ 90 መካከለኛ። ከ90 እስከ 100 ሰፊ ኦል ማውንቴን (ለሁሉም ዓይነት በረዶ) የሚባለው ነው። ከ100 በላይ ለዱቄት በረዶ ነው፣ ለእኛ ጉዳይ እርሱት።

ስፋት ለምን ያስቸግራል? ለስላሳ በረዶ ላይ ስኪው ትንሽ ይሰምጣል፣ በረዶውም ከሆዱ በኩል ይደግፈዋል። ጠጣር ላይ ግን አይሰምጥም፤ ስታጋድሉት መሬቱን የሚነካው አንዱ የብረት ጠርዝ ብቻ ነው። አሁን ሒሳቡን እዩት። ወገቡ 66 ሚሊሜትር በሆነ ስኪ ላይ ከእግራችሁ መሀል እስከ ጠርዙ 33 ሚሊሜትር ነው። 100 በሆነው ላይ 50 ነው። የቡቱ ሶል ከፊት በኩል ስፋቱ ወደ 69 ሚሊሜትር ስለሆነ፣ የሰፊው ስኪ ጠርዝ ከእግራችሁ ውጭ፣ አየር ላይ ነው ያለው ማለት ይቻላል። በረዶው በዚያ ርቀት ልክ ስኪውን መልሶ ሊያስተኛው ይጠመዝዘዋል፣ ያንን የሚቋቋመው ቁርጭምጭሚታችሁና ጉልበታችሁ ነው። ከሰዓት በኋላ ጉልበታችሁ የሚዝለው አንዳንዴ በሌላ በምንም ሳይሆን በዚህ ነው። ከአንዱ ጠርዝ ወደ ሌላው ለመገልበጥም የበለጠ ጊዜ ይፈጃል።

የዓለም ዋንጫ የስላሎም ተወዳዳሪዎች የሚወርዱበት መንገድ ሆን ተብሎ ውኃ ተደርጎበት እንዲረጋ ይደረጋል፣ የስኪያቸው ወገብ ግን 60ዎቹ ውስጥ ነው። (ኢትዮጵያን ወክሎ ለመጀመሪያ ጊዜ በክረምት ኦሊምፒክ የተሰለፈው ሮቤል ተክለማርያም በ2006 ቱሪንም በ2010 ቫንኩቨርም የተወዳደረው በአገር አቋራጭ ስኪ ነው። እሱ ደግሞ ጭራሽ የቀጠነ፣ ተረከዙ የማይታሰር፣ የውድድሩ የብረት ጠርዝ እንኳ የሌለው ሌላ ዕቃ ነው፣ አታምታቱት።)

ስለዚህ አንድ ጥንድ ለሁሉም የምትሉ ከሆነ ከ88 እስከ 96 መሀል ፈልጉ። እኔ ብሆን ወደ 88 እጠጋለሁ። ኮሎራዶ ላይ 88 ይዞ የተቀበረ ሰው የለም፤ ዋይትቴይል ላይ 105 ይዞ የሚንሸራተት ግን ቅዳሜ ቅዳሜ ታያላችሁ።

3. ውስጡ ምን እንዳለ ጠይቁ

ሁለት 95 ሚሊሜትር የሆኑ ስኪዎች ጎን ለጎን ቆመው አንዱ በረዶውን ነክሶ ሲሄድ ሌላው ሊያርገበግባችሁ ይችላል። ልዩነቱ ውስጣቸው ነው። የምትፈልጉት የእንጨት እምብርት ያለው፣ ከላይና ከታች ቲታናል የተነጠፈበት ነው። ቲታናል ጠንካራ የአሉሚኒየም ቅይጥ ነው። ሁለት ሥራ ይሠራል፦ ንዝረቱን ይውጣል፣ ስኪው እንዳይጠማዘዝም ያደርጋል።

ሁለተኛው ይበልጣል። ጠርዙ በረዶውን ሲነክስ አፍንጫውና ጅራቱ ተጠማዘው ካመለጡ ወገቡ ብቻውን አይይዝም፣ ስኪው በሰፋ ቁጥር ደግሞ ለመጠማዘዝ ይመቻል። ሱቅ ውስጥ ራሳችሁ ሞክሩት። ጅራቱን ወለል ላይ አቁሙ፣ ወገቡን በጉልበቶቻችሁ መሀል ያዙ፣ አፍንጫውን በሁለት እጅ ጨብጣችሁ ለመጠምዘዝ ሞክሩ። በቀላሉ እሺ ካላችሁ ይቅርባችሁ። ሦስት አራት ስኪ በዚህ ካለፈ በኋላ እጃችሁ ራሱ ይለያል። ሠራተኛው ምን እያደረጋችሁ ነው ብሎ ቢያይም ግድ የለም።

ክብደትም ምልክት ነው። 180 ሴንቲሜትር ገደማ የሆነ፣ አንዱ ብቻውን፣ ያለ ባይንዲንግ (ቡቱን ስኪው ላይ የሚያስረውና ስትወድቁ የሚለቀው ዕቃ) ከ1,900 እስከ 2,200 ግራም ቢመዝን ጥሩ ነው። ዛሬ ዛሬ ሁሉም ቀላል፣ ቀላል እያለ ይሸጣል። ቀላልነት በእግር ተራራ ለሚወጣ ሰው ነው፤ እኛን ሊፍቱ ያወጣናል።

ግን ሁለት ሙሉ ንጣፍ ብረት ለሁሉም አይሆንም። ሰውነታችሁ ቀላል ከሆነ ወይም ገና መታጠፍ እየተማራችሁ ከሆነ፣ ያ ስኪ አልጎብጥ ብሎ ቀጥ ብሎ ይወስዳችኋል። ለእናንተ በከፊል ብረት ያለበት፣ ለምሳሌ እግር ሥር ብቻ የተነጠፈበት ይሻላል።

4. ሁለቱን ሆድ ለሆድ አጋጥሙ

ይሄ ምንም ዕውቀት የማይጠይቅ ፈተና ነው። ጥንዱን ሆድ ለሆድ አጋጥማችሁ ከጎን እዩ። መሀሉ ላይ ብርሃን የሚያሳልፍ ክፍተት ካለ ያ ካምበር ነው፣ ትፈልጉታላችሁ፤ ስትቆሙበት ተጭኖ ጠርዙን ከጫፍ እስከ ጫፍ በረዶው ላይ ያሳርፈዋል። አሁን ወገቡ ላይ በእጃችሁ ጨብጣችሁ አጣብቋቸውና አፍንጫው አካባቢ ከየት ጀምሮ እንደሚለያዩ ተመልከቱ። ያ ወደ ላይ የተነሳው ክፍል ሮከር ነው። ትንሽ ሮከር ከፊት ይመረጣል፣ መታጠፍ ያቀልላችኋል። ክፍተቱ ገና ወደ ባይንዲንጉ ሲጠጋ ከጀመረ፣ ጅራቱም እንዲሁ ተንጋዶ ከተነሳ፣ በ180 ሂሳብ ገዝታችሁ ጠጣር በረዶ ላይ የምትጠቀሙት የ150 ጠርዝ ነው። ጅራቱ ጠፍጣፋ ወይም እምብዛም ያልተነሳ ይሁን።

ርዝመቱ በአገጭና በግንባር መሀል ይባላል። ለጠጣር በረዶና ሮከር ላለው ስኪ ወደ ግንባር፣ አልፎም እስከ ራስ ቁመት ሂዱ። የመታጠፊያ ራዲየሱም ስኪው ላይ ተጽፏል፤ የኛ ኮረብቶች አጫጭርና ቅዳሜ ሰው የሚበዛባቸው ስለሆኑ ከ15 እስከ 18 ሜትር በቂ ነው።

5. ስም ጥሩ ለምትሉኝ

ቮልክል ማንትራ 96 ሚሊሜትር ነው፣ ብረት አለው፣ በጠጣር በረዶ የታወቀ ነው፣ ግን ሰነፍ አይወድም። ኖርዲካ ኢንፎርሰር 94 ሁለት ንጣፍ ቲታናል ያለው ሆኖ ከማንትራው ለስለስ ይላል። ብሊዛርድ ብራህማ 88 ለኛ አካባቢ ልክ ነው ብዬ የማስበው ነው፣ ታላቅ ወንድሙ ቦናፋይድ 97 ነበር፤ ኩባንያው ሁለቱንም በሌላ ሞዴል ስለተካቸው የቀረ ወይም ያገለገለ ፈልጉ። የስዊዘርላንዱ ስቶክሊ ስቶርምራይደር ግሩም ነው፣ ዋጋው ግን ያስደነግጣል። ኬ2 ማይንድቤንደር ስሙ መጨረሻ ላይ ቲአይ የሚል ያለበትንና የሌለበትን ለዩ፤ ብረት ያለው ቲአይ የሚለው ነው። ሄድ ኮር 93ና ኤላን ሪፕስቲክ 96 ቀላልና የሚወደዱ ናቸው፣ ብረት ግን የላቸውም፤ ለስላሳ በረዶ ለሚበዛበት ሰው እንጂ ለፔንሲልቬንያ ጥር ቀዳሚ ምርጫዬ አይደሉም።

የዓመቱ አዲስ ቀለም ላይ ብር አታባክኑ። ብዙውን ጊዜ ያው ስኪ ነው፣ ያለፈው ዓመቱ በመጋቢትና በሚያዝያ በጣም ይረክሳል።

6. ቡቱና ባይንዲንጉ

ገንዘባችሁ ለሁለቱም ካልበቃ ቡቱን ቅድሚያ ስጡ። ተረከዛችሁ ቡቱ ውስጥ ከተንቀሳቀሰ የቱም ስኪ አይይዝላችሁም፣ በተለይ ሰፊው፣ ምክንያቱም የጠርዙን ጥምዝ የሚይዘው የቡቱ ግድግዳ ነው። በቀጭን ካልሲ፣ አንድ ካልሲ ብቻ። ሁለት ካልሲ ደርበው ቡት የሚለኩ ወዳጆቻችንን ተው በሏቸው።

ባይንዲንግ ስትገዙ የፍሬኑ ስፋት ከስኪው ወገብ ጋር እኩል ወይም እስከ 15 ሚሊሜትር ድረስ የሚበልጥ ይሁን። የቡታችሁ ሶል ግሪፕዎክ (ለመራመድ እንዲመች የተሠራ) ከሆነ ባይንዲንጉም የሚቀበለው መሆኑን ጠይቁ። የመልቀቂያውን ቁጥር ራሳችሁ አትነካኩ። ክብደታችሁን፣ ቁመታችሁን፣ ዕድሜያችሁን፣ የሶላችሁን ርዝመትና አነዳዳችሁን አይቶ የሚሞላው ባለሙያ ነው። ክብደታችሁን ስትናገሩ አታፍሩ፣ አትቀንሱም፤ ሲያስፈልግ የሚለቀው ወይም የማይለቀው በዚያ ቁጥር ነው።

7. ጠርዙ

ብዙ ሰው ስምንት መቶ ዶላር ስኪ ላይ አውጥቶ ዓመቱን ሙሉ ሳያስስል ይነዳል። ከዚያ ይሄ ስኪ አይይዝም ይላል። ደነዝ ቢላ የሽንኩርት ልጣጭ ላይ እንደሚንሸራተተው ነው፤ ቢላው ማን እንደሠራው ለውጥ የለውም።

መጀመሪያ ፈትሹት። የጥፍራችሁን ጀርባ ጠርዙ ላይ አድርጋችሁ በቀስታ ወደ ውጭ ጎትቱት። ነጭ ብናኝ ከጥፍራችሁ ከተፋቀ ስለት አለው። ዝም ብሎ ካንሸራተተው ዶልዱሟል። በአንድ ቦታ አትወሰኑ፤ አፍንጫው ስለታም ሆኖ እግር ሥር ያለው ጠፍቶ ታገኙታላችሁ፣ ሁልጊዜ ቀድሞ የሚሞተው እግር ሥር ያለው ነው። ቀጥሎ ጥጥ ይዛችሁ ጠርዙን ከዳር እስከ ዳር አስኬዱት። ክሩ የተያዘበት ቦታ ድንጋይ መትቶት የተሰባበረ ጥርስ አለው ማለት ነው።

ሱቅ ስትወስዱት ዝም ብላችሁ ሳሉልኝ አትበሉ፣ ዲግሪውን ተናገሩ። ጠርዙ ሁለት ፊት አለው፣ የሆድና የጎን። ብዙ ስኪ ከፋብሪካ ሲወጣ ከሆድ በኩል 1 ዲግሪ፣ ከጎን 2 ዲግሪ ገደማ ነው። ለጠጣር በረዶ ጎኑን 3 አስደርጉት። የሆዱን ወደ 0.5 ወይም 0.7 ብታስወርዱት ሰፊ ስኪ በጣም ይለወጣል፤ የሆዱ ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ጠርዙ ከመንከሱ በፊት ስኪውን የበለጠ ማጋደል አለባችሁ፣ ሰፊው ደግሞ ድሮም ለማጋደል ያስቸግራል። አንድ ጥንቃቄ፦ የሆዱን ዲግሪ መጨመር ቀላል ነው፣ መቀነስ ግን የሚቻለው የስኪውን ሆድ በማሽን አስፍቆ ብቻ ነው። ስለዚህ ቤት ውስጥ የምትነኩት ጎኑን ብቻ ይሁን።

ቤት ውስጥ ለመሥራት የ3 ዲግሪ መያዣ፣ ሞረድና የአልማዝ መሳያ ይበቃችኋል፣ ሁሉም ተደምሮ ከመቶ ዶላር በታች ታገኛላችሁ። የፍሬኑን እግሮች በላስቲክ ወደ ላይ እሰሩ። ስኪውን በጎኑ አቁማችሁ አጥብቁት። ከዚያ የጎኑን ጠርዝ በማርከር ጥቁር ቀቡት። ሞረዱን በመያዣው አድርጋችሁ ከአፍንጫ ወደ ጅራት ሳትጫኑ ሁለት ጊዜ ሳቡ። ቀለሙ ከዳር እስከ ዳር ከለቀቀ ዲግሪያችሁ ልክ ነው። ከላይ ወይም ከታች ብቻ ከለቀቀ መያዣው የያዘው ዲግሪ ከስኪው ጋር አልገጠመም፣ ቀለሙ ሁሉ እስኪለቅ በትዕግሥት ሥሩ። ሞረዱ የሆነ ቦታ ላይ እየዘለለ የሚያፏጭ ከሆነ እዚያ ጋ ድንጋይ የመታው ብረት ጠንክሯል፤ ቀድማችሁ በአልማዙ አለስልሱት፣ አለዚያ ሞረዱን ይበላባችኋል። መጨረሻ ላይ ሁሉንም በአልማዙ አንዴ አስኪዱና የብረት ብናኙን በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉ። ምንጣፍ ላይ አትሥሩ፣ ልጆች በባዶ እግራቸው ይረግጡታል።

ሞረዱ ብረቱን ስለሚጨርስ በየጊዜው አይነካም። አልማዙ ግን ከእያንዳንዱ ጠጣር ቀን በኋላ፣ አምስት ደቂቃ ነው።

ሆዱንም እግር ሥር፣ ከጠርዙ አጠገብ እዩ። ነጣ ብሎ፣ የደረቀና የሻከረ መስመር ካለ ሰሙን የማሽን በረዶ በልቶታል። ዋክስ ይፈልጋል።

8. ሞክራችሁ ግዙ

ተራራው ላይ ያሉ ሱቆች ለሙከራ ያከራያሉ፣ ብዙዎቹም ከገዛችሁ ኪራዩን ከዋጋው ይቀንሱላችኋል። ስትሞክሩ ለስላሳ ቀን አትምረጡ፤ ለስላሳ በረዶ ላይ ሁሉም ስኪ ጎበዝ ነው። ከሰዓት በኋላ፣ መሀሉ ሲፋቅ ሂዱ። መጀመሪያ ከመውጣታችሁ በፊት ጠርዙን በጥፍራችሁ ፈትሹ፣ ደነዝ የሙከራ ስኪ ስለ ስኪው ምንም አይነግራችሁም።

ከዚያ ሦስት ነገር አድርጉ። በዝግታ ቁልቁለቱን ጎን ለጎን ተሻገሩና ስኪው ወደ ታች መንሸራተቱን እዩ። በጎን እየተንሸራተታችሁ ወርዳችሁ በአንድ ጊዜ ጠርዙን አስነክሱና ቁሙ፤ ወዲያው የሚቆምና እየተንጫጫ የሚጎተት አለ። በመጨረሻ በመካከለኛ ፍጥነት ታጥፋችሁ የመታጠፊያው መጨረሻ ላይ ጅራቱ ያመልጣል ወይስ ይይዛል የሚለውን አስተውሉ። ሰፊ ስኪ ብዙውን ጊዜ የሚያመልጠው እዚያ ጋ ነው።

9. ያገለገለ ከሆነ

በጥቅምትና በኅዳር ያገለገለ ስኪ የሚሸጥባቸው ገበያዎች አሉ፣ ኢንተርኔት ላይም ሞልቷል። የብረቱን ውፍረት ከአዲስ ስኪ ጋር አስተያዩ፤ በጣም ከቀጠነ ለመሳል የቀረው የለም። ከላይኛው ሽፋንና ከጎኑ መሀል የተከፈተ ስንጥቅ ካለ ውኃ ይገባበታል፣ ተዉት። ባይንዲንጉ ካረጀና ከአምራቹ ዝርዝር ከወጣ ሱቆች አናስተካክልም ይሏችኋል፣ ስለዚህ የሞዴሉን ስም ይዛችሁ ለሱቁ ደውሉና ከመክፈላችሁ በፊት ጠይቁ።

10. ወደ ቤት ስትመለሱ

በአይ-70 ስትነዱ መንገዱ ላይ የተረጨው ጨው መኪናው ጣራ ላይ የታሰረውን ስኪ ያለብሰዋል። አንድ ሌሊት ይበቃዋል፣ ጠዋት ጠርዙ ላይ ቡናማ ዝገት ታያላችሁ፣ የ3 ዲግሪ ስለታችሁም አብሮ ይሄዳል። ከተቻለ መኪና ውስጥ አስገቡት ወይም በቦርሳ ሸፍኑት። ቤት ስትደርሱ በንጹሕ ውኃ ጥረጉ፣ በደረቅ ጨርቅ አድርቁ፣ ጥንዱን ሆድ ለሆድ አጣብቃችሁ በእርጥብነቱ አትሰሩት። ጋራዥ ውስጥ ለየብቻ አቁሙት።